ዕቃው የእኔ፣ ቁልፉ የማን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ የአምራቾቻቸው ድጋፍ ስለተቋረጠባቸው የቴሌቪዥን ማጫወቻዎች የወጣውን ምክር አንብቤዋለሁ። አምደኛው አሮጌውን ጥላችሁ አዲስ ግዙ ይላል። ሩት ማድረግን፣ ማለትም የዕቃን የሶፍትዌር መቆለፊያ መክፈትን፣ ደግሞ ከስርቆት ጎን አሰልፎታል። የመጀመሪያው ምክር ለሻጭ ይመቻል፤ እሱን ልለፈው። ሁለተኛው ግን እንጀራዬን የሚነካ ነው። ዝም ካልኩ ደንበኞቼ እውነት ይመስላቸዋል። ትንሽ ቦታ ስጡኝ።

እኔ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሱቃችን ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ ጀሞ ገብተናል። ቀኑን ሙሉ የሚመጣልን ሪሲቨር ነው። ፓወር ሰፕላዩ የተቃጠለ፣ ሎጎ ላይ የቆመ፣ ቻናል የጠፋበት። በዚያ መሃል ግን አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ልጅ የላከው፣ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ከኢንተርኔት ቪዲዮ የሚያሳይ ትንሽ ማጫወቻ አይጠፋም። ክሮምካስት፣ ሮኩ፣ አንድሮይድ ቦክስ። እናት በፌስታል ጠቅልላ ታመጣዋለች። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ሞተ እንዴ?» ትለኛለች። «ኧረ እናቴ፣ ደህና ነው» እላታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እውነቴን ነው። ቺፑ ደህና ነው። ኤችዲኤምአዩ ምስል ያወጣል። ዋይፋዩ ይይዛል። ፊቱን ያዞረው የሠራው ኩባንያ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እነዚህ ዕቃዎች ኤሌክትሪክ ሲያገኙ መጀመሪያ የምትነቃ ቡትሎደር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ዋናውን ሶፍትዌር ከማስነሳቷ በፊት የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ እንዳለበት ታያለች። ፊርማው ከሌለ አላስነሳም ትላለች። ሩት ማድረግ ማለት ይህን አልፎ በዕቃው ላይ ሙሉ ሥልጣን ማግኘት ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ሶፍትዌር ብትጭን፣ የማትፈልገውን ብታወጣ የራስህ ጉዳይ ነው። ፍላሽ ሰክቶ ሶፍትዌር መጫን ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሪሲቨር ሲያስቸግር የጎረቤት ልጅም ይሠራዋል። በሪሲቨር ሲሆን «ጥገና» ተብሎ፣ በክሮምካስት ሲሆን «ስርቆት» የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም።

የክሮምካስትን ታሪክ ላንሳ፤ ነገሩን ከሥሩ ያሳያል። የጉግል ዕቃ ነው፤ የመጀመሪያው ክሮምካስት የወጣው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 ነው። ዋጋው 35 ዶላር። ጎኑ ላይ አንዲት ቁልፍ አለች። እሷን ተጭነህ ይዘህ ኤሌክትሪክ ስትሰጠው፣ ከውስጥ ሜሞሪው ትቶ ከዩኤስቢ ፍላሽ ለመነሳት ይሞክራል። ያለው ቀዳዳ አንድ ማይክሮ ዩኤስቢ ብቻ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክም ፍላሽም አንድ ላይ የሚቀበል ኦቲጂ ገመድ ያስፈልጋል። ጂቲቪሃከር የሚባሉ ልጆች ዕቃው ገበያ በወጣ በቀናት ውስጥ ገብተውበት የመቆለፊያውን ድክመት አገኙት። ቡትሎደሩ ፍላሹ ላይ ያለውን ሶፍትዌር ፊርማ ይመረምራል፤ የምርመራውን ውጤት ግን አያይም። መታወቂያ ተቀብሎ ሳያየው እንደሚያስገባ የመሥሪያ ቤት ዘበኛ። በዚያች ስህተት ሰዎች የራሳቸውን ዕቃ ከፈቱ። ጉግል ክሮምካስቱን ያቀረበው ክሮም ከሚባለው የኢንተርኔት ማሰሻው ጋር አያይዞ ነበር። ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው ጉግል ቲቪ የሚባለው የቴሌቪዥን ሶፍትዌሩ ተስተካክሎ ሆኖ ተገኘ።

ጉግል ወዲያው በአዲስ ሶፍትዌር ደፈነው። ክሮምካስት ደግሞ ዋይፋይ ሲያገኝ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ራሱን ያድሳል። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ሰው ገዝቶ የሰካ ሁሉ ዕድሉ አመለጠው። በ2014 ቲም ዩሬካ የሚባለው ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ ቲንሲ በምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሌላ መንገድ አመጣ። እሱም ተደፈነ። ከዚያ 2023 መጣና ጉግል ለመጀመሪያው ትውልድ የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ከዚያ በኋላ የሶፍትዌርም የደህንነትም ማሻሻያ የለም። እዚህ ላይ ነው የኔ ቅሬታ። ለዓመታት እያንዳንዷን ቀዳዳ እያሳደደ ሲደፍን የነበረ ኩባንያ፣ ሲተወው መቆለፊያውን እንደተቆለፈ ትቶት ነው የሄደው። እኛም ከዚህ በኋላ ቁልፉ ምን ይጠቅማችኋል ብለን መጠየቅ አለብን።

ሁለተኛው ትውልድ ላይ የሆነውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2025 በዓለም ዙሪያ ያሉ የሁለተኛ ትውልድ ክሮምካስቶችና ክሮምካስት ኦዲዮዎች በአንድ ቀን እምቢ አሉ። ስልኩ «ይህ ዕቃ አይታመንም» ይላል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። የዕቃውን ማንነት የሚያረጋግጠው የዲጂታል ሰርተፊኬት የአሥር ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶት ነበር፤ ጊዜው አለፈ፣ በቃ። ጉግል ፋክተሪ ሪሴት አታድርጉ ብሎ ለመነ። ግን ሰው ዕቃ እምቢ ሲለው መጀመሪያ የሚሠራው ሪሴት ነው። እኛ ጋ የመጡት አስቀድመው ሪሴት የተደረጉ ነበሩ። ደንበኞቼ እንድከፍተው ይጠብቃሉ፤ እኔ ደግሞ ለዚያ ትውልድ የሚሆን ፍላሽ አልነበረኝም። ብየዳ አልጠየቀ፣ ካፓሲተር አልጠየቀ። ቁጭ ብሎ ካሊፎርኒያን መጠበቅ ብቻ። ጉግል በቀናት ውስጥ አስተካከለው፤ ይመስገን። ባያስተካክለውስ? በጉግል ይሁንታ ብቻ የሚሠራ ዕቃ ገዝተን ነው «የኔ ነው» የምንለው።

ቁልፍ መስጠት አይቻልም ለሚሉኝ መልሱ ያው ራሱ ጉግል ነው። ኔክሰስ የሚባሉትን ስልኮች ሲሸጥ ቡትሎደራቸውን ባለቤቱ በአንድ ትእዛዝ መክፈት ይችል ነበር። ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ እሺ ስትለው ውስጥ ያለውን መረጃ ሁሉ ያጠፋል፣ ይከፈታል። ሌባ ቢያገኘው የአንተን ፎቶ አያገኝም፤ አንተ ግን በዕቃህ ላይ ታዛለህ። በ2014 የወጣው ኔክሰስ ፕሌየር የሚባለው የቴሌቪዥን ማጫወቻም እንዲሁ ነበር። ለኔክሰስ የተቻለ ለክሮምካስት የማይቻልበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም።

አምደኛው ግማሹን ልክ ነው። መቆለፊያ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። መቆለፊያ የሌለው ዕቃ ምን እንደሚመስል ርካሾቹን አንድሮይድ ቦክሶች ያየ ያውቃል። በ2023 መጀመሪያ ላይ ዳንኤል ሚሊሲች የሚባል ካናዳዊ ባለሙያ ቲ95 የተባለ ቦክስ ገዝቶ ከፋብሪካው ቫይረስ ተጭኖበት እንደመጣ ይፋ አደረገ። ሶፍትዌሩ የተፈረመው ማንም በሚያውቀው የሙከራ ቁልፍ ነበር። ከኔትወርክ ሆኖ ማዘዝ የሚያስችለው ኤዲቢ የሚባለው በርም ክፍት ነበር። ከዚያ ነገሩ ሰፋ። በጁን 2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባለው በቫይረስ የተያዙ ዕቃዎች አውታር ሕዝቡን አስጠነቀቀ። በወሩ ጉግል ኒውዮርክ ላይ ክስ መሠረተ፤ በክሱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ተይዘዋል ይላል። የተያዘ ቦክስ የቤትህን ኢንተርኔት ለማታውቀው ሰው መተላለፊያ ያደርገዋል። አንተ ድራማ ታያለህ፣ እሱ በአንተ መስመር ያጭበረብራል። እንግዲህ አንዱ ኩባንያ ባለቤቱን ውጭ ቆልፎበታል። ሌላው ለዓለም ሁሉ ከፍቶ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ለኔ ሁለቱም ያው ናቸው፤ የገዛው ሰው አያዝበትም።

ሁለተኛው ዓይነት ቦክስ ሲመጣልኝ የምሠራውን ልንገራችሁ። ቺፑ አምሎጂክ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ከሆነ ኮርኤሌክ የሚባል ሶፍትዌር አለ። በሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው፤ የሚያስነሳው ኮዲ የሚባለውን የቪዲዮና የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ብቻ ነው። በነፃ ይገኛል። ኮምፒውተር ላይ በሩፈስ ወይም በመሰል ፕሮግራም ወደ ፍላሽ እጽፈዋለሁ። ፋይሉን እንዲያው ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ዲቲቢ የምትባል ፋይል አለች። የዚያ ቦርድ ካርታ ናት በሉት። ብዙ ስለሆኑ ለቺፑና ለሜሞሪው የምትሆነውን መርጬ ስሟን ቀይሬ ፍላሹ መጀመሪያ ላይ አስቀምጣታለሁ። የተሳሳተችውን ካስቀመጥክ ወይ አይነሳም፣ ወይ ተነስቶ ዋይፋይ የለውም።

ቀጥሎ ስቴኪኒ። አዎ፣ የጥርስ ስቴኪኒ። ከቦክሱ ጀርባ የኤቪ ገመድ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አለ። የተደበቀች ቁልፍ ከውስጡ ጫፍ ላይ ትገኛለች። ስቴኪኒውን ቀስ አድርገህ ስትገፋ ቀጭ ትላለች። ብረት አትጠቀሙ፣ የኤቪውን ከንፈር ይቧጥጠዋል። እሷን ይዘህ ኤሌክትሪኩን ትሰካለህ። ሎጎው ብቅ ሲል ትለቃለህ። ፍላሹ በትክክለኛው ቀዳዳ ከተሰካ ከፍላሹ ይነሳል፤ ባንዱ ቀዳዳ ብቻ የሚነሳ ቦክስም አለ። ውስጥ ያለው አንድሮይድ አልተነካም። ተኝቶ ይቀራል፣ ከነተሸከመው ቫይረስ። ደንበኛው ካልተስማማው ፍላሹን ነቅሎ ወደ ድሮው ይመለሳል። ለዚህ ነው ጀማሪ ሰው ከፍላሽ ይጀምር የምለው። ውስጥ ሜሞሪ ላይ መጻፍ ሌላ ጨዋታ ነው። እየተጻፈ መብራት ከሄደ ቦክሱ ሎጎም አያወጣም። እኛ ለዚህ ብለን መብራት ሲሄድ በባትሪዋ የምታቆይ አንዲት አሮጌ ዩፒኤስ ይዘናል። ከሁሉም መሣሪያዬ በላይ የምሳሳላት እሷን ነው።

በነገራችን ላይ ከፍላሽ ሲነሳ የሚመጣው የመጀመሪያ ዜና ብዙ ጊዜ መርዶ ነው። ካርቶኑ ላይ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ሜሞሪ ይላል። የራሱ አንድሮይድም ሴቲንግ ውስጥ ይህንኑ ያሳያል፤ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። ኮርኤሌክ ግን ማንንም አይፈራም፤ 1 ጊጋ ራም ብሎ ቁጭ ያደርገዋል። አንድ ጋሼ በዚህ ተናደው «አንተ ነህ የቀነስከው» ብለውኝ ነበር። ፍላሹን ነቅዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ የሜሞሪ ቺፑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልካቸው ፎቶ አስነሳኋቸው። ከዚያ ቦክሱን ወደሸጠላቸው ሄዱ። ከሱ ምን እንዳገኙ አልነገሩኝም። ፍላሽም ያው ነው፤ መርካቶ 64 ተብሎ ተገዝቶ ውስጡ 8 የሆነ ሞልቷል። ሶፍትዌር መሃል ላይ ሲሰበር ቦክሱን ከመውቀስ በፊት ፍላሹን መፈተሽ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ለሚል፣ የሁላችንም ኢንተርኔት እንደ ሲልከን ቫሊ አይደለም። ክሮምካስት ያለ ኢንተርኔት ብዙም አይረባም። ኮዲ ያለበት ቦክስ ግን ሃርድ ዲስክ ሰክተህለት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሠርግ ቪዲዮ፣ መዝሙር፣ የልጆች ተረት፣ ልጅ ከውጭ የላከው የልደት ቪዲዮ። የአማርኛ ጽሑፍስ? ከታች የሚወጣው ትርጉም ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሲመጣ የግዕዝ ፊደል ፋይል አስገብቼ፣ ከሴቲንግ መርጬ፣ አበቃ። በተቆለፈው ዕቃ ላይ ሲሆን ለኩባንያው አስተያየት ጽፈህ ቁጭ ነው። አማርኛ የሚያነበው ስንት ሰው ነው ብለው ሲያስቡ ዓመት ያልፋል።

አሁን ወደ ስርቆቱ ልምጣ። የተሰረቀ የስፖርት ቻናል ጫንልኝ የሚለኝ ሰው አለ። ቅዳሜ ሲደርስ ይበዛሉ፤ ፕሪሚየር ሊጉ ነው። አልጭንም። ገና ከሲኒማ ያልወረደ የሀገር ውስጥ ፊልም የሚያወርድ አዶን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራምም አላስገባም። ለዚያ ፊልም ቤቱን ያስያዘ ፕሮዲውሰር እዚሁ ሰፈር አለ፤ ምን ዓይኔን አደርጋለሁ? ግን ይህ ሩት ከማድረግ ጋር ምን አገናኘው? የተሰረቀ ቻናል ባልተከፈተ ቦክስም ይሠራል፣ በስልክም ይሠራል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለይተውታል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2021 ባወጣው ደንብ ሰው የራሱን የቪዲዮ ማጫወቻ መቆለፊያ ከፍቶ ሕጋዊ ሶፍትዌር ቢያስገባ የቅጂ መብት ሕጉን ጣሰ አይባልም። ያልተፈቀደ ፊልም ለማየት ከሆነ ግን ፈቃዱ አይሠራም። በእኛም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 «ሕገወጥ ደራሽነት» ብሎ የሚቀጣው ያለ ፈቃድ የሚገባን ነው። የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን በራሴ ዕቃ ላይ ለራሴ ፈቃድ የሚሰጠኝ ሌላ ማን እንደሆነ አምደኛው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ከእናንተ የምጠይቀው ይህ ነው። ገጻችሁ ላይ ስለ ማጫወቻ ስትጽፉ ስለ 4ኬ እና ስለ ሪሞቱ ብቻ አትጻፉልን። አምራቹ ስንት ዓመት ማሻሻያ እንደሚሰጥ፣ ሲያቆም ቡትሎደሩን ለባለቤቱ ይከፍት እንደሆነ ጠይቁና ጻፉ። አስመጪዎችም ማስታወቂያ ሲያመጡላችሁ ይህንኑ ጠይቋቸው። ካርቶኑ ላይ ያለው ራም እውነት መሆኑንም ጭምር። ወጪው አንድ ስልክ መደወል ነው። አምደኛው ደግሞ ከፈለገ ሱቃችን ይምጣ፣ ፍላሹን ራሱ ይጻፈው፣ ስቴኪኒውን ራሱ ይያዘው። ሻይ በኔ።

ውጭ ላላችሁ ወንድም እህቶችም አንድ ነገር። ለእናታችሁ አሮጌውን ክሮምካስት ከመላካችሁ በፊት እዚያው ሰክታችሁ እዩት፤ አካውንታችሁን አውጡ፣ ሞዴሉን ጻፉበት። እባካችሁ የራሱን አዳፕተርም አትርሱ። ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ እየሳበ የሚነሳ ማጫወቻ ኃይል ሲያንሰው ሶፍትዌር እየተጫነ መሃል ላይ ይጠፋል፤ እኔም ለእናታችሁ ያንን ሳስረዳ ከሰዓቱ ያልቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሠራተኛ
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ